ሳሙና ከመጨበጣችሁ በፊት አጥራችሁን ጠይቁት

ክረምቱ ሊወጣ ጳጉሜ ስትቃረብ መቼም የቤቱ ሥራ አያልቅም። ምንጣፉ ይወጣል፣ መጋረጃው ይታጠባል፣ ሳሎኑ ቀለም ይቀባል። ይሁንና የእንግዳ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሳሎን ውስጥ አይደለም፤ ውጭ ነው፣ አጥሩ ላይ! ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠገበ፣ መኪና ጭቃ የረጨበት፣ የ«ቤት ይከራያል» ማስታወቂያ የተለጠፈበት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና «መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ እያነበቡ የሚሸኑበት አጥር።

ታዲያ አብዛኞቻችን አጥር ለማጽዳት የምናውቀው አንድ ዘዴ ብቻ ነው። ውሃ፣ ሳሙና፣ ብሩሽና ጉልበት! ቆርቆሮም ይሁን ግንብ፣ እንጨትም ይሁን ኖራ የተቀባ ጭቃ፣ ሁሉንም በአንድ ባልዲ እናስተናግደዋለን። አባቶች «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለአጥርም ይሠራል። በዕድሜው ብዛት ከሚወድቀው አጥር ይልቅ «ላጽዳው» ሲባል የሚበላሸው ያሳዝነኛል።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ለዘመድ ጥየቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በድሬዳዋ በኩል እስከ ሐረር ዘልቄ ነበር። ሌላው ተሳፋሪ ተራራውንና ሜዳውን ሲያደንቅ እኔ ዓይኔ አጥር ላይ ነበር። በየደረስኩበትም ባለቤቶቹን «ይሄን እንዴት ነው የምታጸዱት?» እያልኩ አሰለቸኋቸው። የሰማሁትንና ያየሁትን እነሆ!

የአዲስ አበባ ልብስ፦ ቆርቆሮ

መዲናችንን ከላይ ሆኖ ላያት የቆርቆሮ ባሕር ናት። ጣራው ቆርቆሮ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩም ቆርቆሮ። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይቆማል፣ የጎረቤት ዓይን ይከልላል። ግን ቆርቆሮን ቆርቆሮ የሚያሰኘው ምንድን ነው ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆርቆሮ በውስጡ ተራ ብረት ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ የተለበጠው ዚንክ የሚባል ማዕድን ነው። ይህ ልባጭ ከራሳችን ፀጉር ውፍረት እጅግ ያንሳል። እንግዲህ በሽቦ ብሩሽ፣ በአሸዋ ወይም በአመድ ስንፈትገው የምናወልቀው ቆሻሻውን ብቻ አይደለም፤ ልብሱንም ጭምር ነው።

አንዲት የሰፈሬ እናት ድስት እንደሚያበሩበት አድርገው የቆርቆሮ አጥራቸውን በአመድና በሽቦ ፈትገው መስተዋት አስመሰሉት። መንደሩ ሁሉ አደነቀ። ሌሎቹም «እንዴት አድርገውት ነው?» እያሉ ሊከተሏቸው ተነሡ። ታዲያ ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ ያ መስተዋት ቀይ ወጥ የተደፋበት መሰለ! አመድ ሻካራ ብቻ ሳይሆን ከውሃ ጋር ሲገናኝ ዚንኩን የመብላት ጠባይ አለው። በረኪናና አሲድማ የባሱ ናቸው፤ ቆርቆሮ አጠገብ ባይደርሱ ይመረጣል።

ትክክለኛው አያያዝ ቀላል ነው። በመጀመሪያ በደረቅ መጥረጊያ ድሩንና የደረቀውን ጭቃ አራግፉ። ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ አርሱት። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጥቂት ላርጎ ወይም የልብስ ሳሙና አሟሙታችሁ በጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ እሹት። ሳሙናውን ከታች ወደ ላይ እየቀባችሁ ውጡ፤ ስታለቀልቁ ግን ከላይ ወደ ታች ይሁን። እንዲህ ካልሆነ የሳሙናው ውሃ በደረቁ ቆርቆሮ ላይ ወርዶ መስመር መስመር ይሠራበታል። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ቆርቆሮው ሲግል አትጀምሩ፤ ማለዳ ወይም ወደ አመሻሹ ላይ አድርጉት።

ዝገት የጀመረው ቦታ ካለ እዚያችኑ ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ጥረጉ፣ አንቲራስት ቀቡ፣ ሲደርቅ ቀለሙን አስከትሉ። የቆርቆሮው እግር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ ደግሞ አንድ መዳፍ ያህል አፈሩን ዝቅ አድርጉለት። አብዛኛው ቆርቆሮ መበስበስ የሚጀምረው ከእግሩ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቆርቆሮ ጠርዙ ምላጭ ነው፣ ሚስማሩም የዛገ ነው። ያለ ጓንት አትንኩት፤ ከቆረጣችሁም «ትንሽ ጭረት ናት» ብላችሁ አትተዉት፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የቴታነስ መርፌ ጠይቁ። መሰላልም በቆርቆሮ አጥር ላይ አታስደግፉ። አጥሩን ያቆመው እንጨት ከሥሩ በስብሶ እንደሆነ ከላይ ሲታይ አይታወቅም። በፊት በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ፈትሹት።

ግንብና ላባጆ

ወደ ግንቡ እንምጣ። በአሮጌዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የጥቁር ድንጋይ ግንብ አጥር ብዙ ነው። ከውጭ ሲያዩት ለዘላለም የቆመ ይመስላል። ነገር ግን ብዙው ግንብ ድንጋዩን ከድንጋዩ ጋር ያያያዘው ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶው ከፊት ለፊት ስንጥቁ ላይ ብቻ በስሱ የተለቀለቀ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የመኪና ማጠቢያ ማሽን በየሰፈሩ ሞልቷል። «ላባጆ ቤት ያለውን ልጅ ጥሩትና በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል» ይባላል። እውነትም ይጨርሰዋል! አንድ የማውቃቸው አባወራ ለልጃቸው ምርቃት ብለው የድሮ የድንጋይ አጥራቸውን በማሽን አሳጠቡ። ድንጋዩ አዲስ መሰለ። በየስንጥቁ የወጣው ቡናማ ውሃ ግን ቆሻሻ አልነበረም፤ አጥሩን ያቆመው ጭቃ ነበር። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የሚባለው ይኸው ነው። በሚቀጥለው ክረምት አንድ ሌሊት ዝናብ ሲያድር አራት ሜትር ያህሉ ወደ መንገዱ ተደረመሰ። ቀን ቀን የሰፈሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት እዚያው ሥር ነው። ሌሊት መሆኑ አተረፋቸው። አባወራው ከዚያ ወዲህ ስለ ምርቃቱ ሲወራ ዝም ነው የሚሉት።

እንግዲህ ግንብ ከማጠባችሁ በፊት ሚስማር ይዛችሁ ሂዱና በድንጋዮቹ መካከል ጫር ጫር አድርጉ። እንደ አፈር እየተፈረፈረ ከወጣ ጭቃ ነው። እሱን በማሽንም በጎማ ውሃም አትንኩ። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ የጠነከረ እድፍ ካለ ብሩሹን ብቻ በጥቂቱ እያረጠባችሁ ድንጋዩን እሹት። በስንጥቁ ውስጥ የበቀለውን ትንሽ ሣር መንቀል ይቻላል። ሥር የሰደደ ዛፍ ከሆነ ግን ጎትታችሁ አትንቀሉ፣ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ከግንቡ እኩል ቁረጡትና ግንበኛ አማክሩ። ሆዱን የነፋ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ግንብ ካያችሁ ደግሞ ጽዳቱ ይቅር። ልጆችን ከሥሩ አርቁ፣ ግንበኛ ጥሩ።

በሲሚንቶ የተገነባና የተለሰነ ብሎኬት ከሆነ ነገሩ ይቀላል። በጎማ ውሃና በሳሙና ይጸዳል። ፀሐይ የማያገኘው ፊት ላይ በክረምት የሚወጣው አረንጓዴ ሻጋታ ሳሙና እንቢ ካለው አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ በብዙ ውሃ ይታጠብ። በአጥሩ ሥር አበባ ካለ አስቀድማችሁ ውሃ አጠጡትና በላስቲክ ሸፍኑት።

በረኪናን ከአሲድ ጋር፣ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ! «ሁለቱ ሲደመሩ ይበረታሉ» የሚል ሰው ይኖራል። የሚበረታው ግን ጭሱ ነው። ሳንባ የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። በረኪናው ብቻውን ይበቃል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ምክንያት በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር ብዙ አጥር ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠርቷል። አዲስ ልስን ያለው ሰው ቢያንስ አራት ሳምንት ይታገሥ። ሲሚንቶ በላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና እየጠነከረ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሏል እንዲህ ነው።

ግንቡ አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት፣ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ የተዘረጋበት ቤትም አለ። ውሃና ኤሌክትሪክ አይዋደዱም። ሽቦውንም፣ የበሩን መብራትና ደወልም ከቆጣሪው አጥፍታችሁ ጀምሩ። የብረት በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በቢላዋ አትፋቁ፤ ለብ ባለ ውሃ አርሳችሁ ቆይታችሁ በእንጨት ግፉት። የድሮ ዘይት ቀለም ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላልና በደረቁ አትፈትጉት፣ በእሳትም አታንሡት። አቧራው ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ክፉ ነው። እያረጠባችሁ አለስልሱ፣ ፍርፋሪውንም ሰብስባችሁ ጣሉ።

በጭሮ ተራሮች ላይ

ከአዲስ አበባ በአዳማና በአዋሽ አድርገን፣ ሚኤሶን አልፈን ወደ ጭሮ ስንወጣ አየሩም አጥሩም ተለወጠ። የጥንቱ አሰበ ተፈሪ ማለቴ ነው። ቆርቆሮው እየቀነሰ እንጨቱና ሕይወት ያለው አጥር እየበዛ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ተፈልጦ ተደርድሯል፣ እሾህ ተከምሯል፣ ቁልቋልና ቅንጭብ ተተክሏል።

ስለ እንጨት አጥር ከጠየቅኋቸው ሰዎች አንዱ አናጢ ነበሩ። «ምን ይጸዳል? ዝም ብለህ አድርቀው!» አሉኝ። ነገራቸው ሲፈተሽ እውነት ነው። እንጨት የሚቆመው በድርቀቱ ነው። ግራጫ መልኩ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ አይደለም፤ ፀሐይና ዝናብ የሰጡት ሽበት ነው። ሽበትን በጉልበት አይፍቁም! በሽቦ ብሩሽ ወይም በማሽን ስትሄዱበት የእንጨቱ ጭረት ተነሥቶ ውሃ የሚጠጣ ስፖንጅ ይሆናል። ለስላሳ መጥረጊያ፣ ጥቂት የሳሙና ውሃ፣ ቶሎ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ሙሉ ቀን ፀሐይ። በቃ።

ይልቅ ዓይናችሁን ወደ ሥሩ ጣል አድርጉ። በእንጨቱ ላይ ቀጭን የአፈር ዋሻ ሽቅብ ከወጣ ምስጥ ገብቷል ማለት ነው። ዋሻውን አፍርሱና እንጨቱን በሚስማር ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ዘው ካለ ሥራው ጽዳት ሳይሆን መተካት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የለመደባቸው ብዙ ናቸው። ምስጥ ያስቸግር ይሆናል፤ ግን አፈር ይመርዛል፣ እሳት ይወዳል፣ የጓሮ አትክልትና ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

አሁን ወደ ቅንጭቡ። ቅንጭብ ውብ አጥር ነው፤ ውሃ አይፈልግም፣ ፍየል አይበላውም። ግን ቅርንጫፉ ሲሰበር የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ጠላት ነው። ሻይ ልጠጣ የቆምኩባት አንዲት ሴት ልጇ አጥሩ ውስጥ የገባ ፌስታል ሊያወጣ ሲጎትት ወተቱ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ብርሃን እንዳላየ ነገረችኝ። «ሌሊቱን ሲጮህ አድሯል፣ እኔም አብሬው» አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ዳነ። እኔ ሳየው ከደጅ ጎማ እየነዳ ነበር።

በቅንጭብ ወይም በቁልቋል አጥር ውስጥ የገባ ቆሻሻ በረዥም እንጨት ይወጣል እንጂ በእጅ አይጎተትም። ሲከረከም እጅጌ ያለው ልብስ፣ ጓንትና መነጽር የግድ ነው፤ የፀሐይ መነጽርም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ልጆች አይላኩ። የተከረከመውን አታቃጥሉት፣ ጭሱም ያቃጥላል። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ሩብ ሰዓት እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ! የጡት ወተት፣ ማር፣ ቅቤ የሚል መካሪ ቢመጣ አመስግናችሁ ሸኙት።

ድሬዳዋ፦ ሙቀት፣ ቡጋንቪላና ጎርፍ

ደንገጎ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ሐረር፣ ወደ ግራ ተጠማዝዞ ቁልቁል የሚወርደው ወደ ድሬዳዋ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሹራቤን አወለቅሁ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ግማሽ ያህል ከፍታ ማለት ነው። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ ከዚራ ላይ አሁንም ጥላ ያላት፣ ከግንቡ በላይ ቡጋንቪላ የሚፈስባት ናት።

ያረፍኩት ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ቤት ነው። ድሬዎች መቼም በአንቱታ አይደክሙም። እኔ «ጋሼ» ስላቸው እሳቸው «አቦ ተወኝ፣ አንተ በለኝ!» ይሉኛል። ማልደው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አጥራቸውን ሲያጥቡ አገኘኋቸው።

«እዚህ አገር በቀትር ያጠበ ሰው ሳሙናውን ግድግዳው ላይ ጠበሰው በለው» አሉኝ። ልክ ናቸው። በሙቀት ውሃው ቶሎ ይተንና ሳሙናው እድፍ ሆኖ ይቀራል። እሳቸው ሁለት ሜትር ያህል እያጠቡ፣ ያንኑ እያለቀለቁ ነው ወደፊት የሚሄዱት።

ከግንቡ ሥር ነጭ ዱቄት ተጋግሮ አየሁና ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ጨው ነዋ! ባጠብከው ቁጥር ይመጣል።» ይኸኛው ብዙ ቤት ያለ ችግር ነው። ከመሬት ወደ ልስኑ ሽቅብ የሚሳበው እርጥበት በውስጡ የሟሟ ጨው ይዞ ይወጣና ውሃው ሲተን ጨው ብቻውን ይቀራል። በውሃ ስታጥቡት ጨው ይሟሟና ተመልሶ ይገባል፤ ነገ ደግሞ ይወጣል። መድኃኒቱ በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ ማንሣትና እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ አበባ የሚያጠጣው ጎማ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል።

ቡጋንቪላውን ሊነኩ ሲሉ ደግሞ መጀመሪያ በዱላ መታ መታ አደረጉት። «ጊንጥ ካለ ይውጣ» አሉኝ ዘና ብለው! እሾሁም ቀላል አይደለም። ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን መጨረሻ ላይ ያደረጉት ነው። ጎንበስ ብለው በግንቡ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በብረት እየጎረጎሩ ፌስታልና ቅጠል አወጡ። አጥሩ ከታጠበ በኋላ ለምን እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው ፈገግታቸው ጠፋ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ የደቻቱ ጎርፍ ድሬዳዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። «ውሃ መንገድ ካጣ ግንብህን መንገድ ያደርገዋል» አሉኝ። «ቀለሙ ቢቆሽሽ ምን አለበት? ቀዳዳው አይዘጋ እንጂ።»

እንዲያ ያለውን ጎርፍ የአንድ ቤት ቀዳዳ አያቆመውም። ቢሆንም ነገራቸው ለማንኛውም ከተማ ይሠራል። ከኋላው ውሃ የተጠራቀመበት ግንብ ይገፋና ይወድቃል። አጥር ስታጸዱ ፊቱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ እግሩንም እዩ።

ሐረር፦ የሚተነፍሰው ግንብ

ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ተመልሰን፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርገን ሐረር ገባን። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ውሃ ይዟል። ድሮ የሐረር ሰው የሚጠጣው ከዚያ ነበር። ውሃ የቸገረው አገር ደግሞ አጥሩን በጎማ አያጥብም፤ እኔ ሐረር የሄድኩትም ያለ ውሃ እንዴት እንደሚጸዳ ልይ ብዬ ነው ማለት ይቻላል።

ጁገልን የማያውቅ የለም። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል፤ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከነከተማው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በውስጡ ያለው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኙ የሰው ግቢ አጥር ነው። አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ትከሻ ግንብ ይነካል። ግንቡ በየቀኑ በስንት ትከሻ፣ በስንት አህያ ጭነት እንደሚታሽ አስቡት!

የዘመዴ ጎረቤት የሆኑ አንዲት አረጋዊት እናት ከደጃቸው ያለውን ግንብ ለስላሳ መጥረጊያ ይዘው ሲያራግፉ አገኘኋቸው። ውሃ የለም፣ ሳሙና የለም። የተላጠችውን ቦታ በጣታቸው ነካ ነካ እያደረጉ ያልፋሉ።

«እናቴ፣ ውሃ አይነካውም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ግንብ ይተነፍሳል። ውሃ ካጠጣኸው ያስለዋል፣ በፕላስቲክ ቀለም ከደፈንከው ያፍነዋል» አሉኝ። ለረመዳን ቤታቸውን ኖራ እንደሚያስቀቡም ነገሩኝ።

ጥቂት አለፍ ብሎ የቤቱ ባለቤት «ኖራ በየዓመቱ ከማስቀባ» ብሎ በዘመናዊ ቀለም ያስቀባውን ግንብ አሳዩኝ። ቀለሙ እንደ ጥብስ ቆዳ ተነፋፍቶ ሲወድቅ የጭቃውን ልስን አብሮ እየላጠ ወስዶታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድንጋይና ጭቃ ሁልጊዜ ጥቂት እርጥበት አያጡም። ኖራ ያንን እርጥበት ያስወጣል። ዘይትና ፕላስቲክ ቀለም፣ የሲሚንቶ ልስንም ጭምር፣ በሩን ይዘጉበታል፤ እርጥበቱ ውስጥ ተቀምጦ ጭቃውን ያለሰልሰዋል። ኖራ የተቀባ የጭቃ ወይም የድንጋይ አጥር ያላችሁ፣ ሐረርም ሁኑ ጎንደር፣ ይቺን ያዙልኝ።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። በደረቅ ለስላሳ መጥረጊያ አራግፉ። የተነፋውን ኖራ ብቻ በቀስታ አንሡ። ስንጥቁን በዚያው ዓይነት ጭቃ ወይም ኖራ ድፈኑ። ከመቀባታችሁ በፊት ግንቡን በጥቂቱ እርጥብ አድርጉት። ኖራውን አቅጥናችሁ ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ እያደረቃችሁ ቀቡ። አንዴ አወፍሮ መቀባት ይፈረፈራል።

ኖራ ግን ቀልድ አይደለም። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል። ኖራውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አታፍስሱ፤ ይረጫል። መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። ዓይን ከነካ እንደ ቅንጭቡ ነው፤ ብዙ ውሃ፣ ከዚያ ሐኪም። በቅርስነት በተመዘገበ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ከማጽዳት አልፋችሁ ልስንና ቀለም ከመለወጣችሁ በፊት የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ አማክሩ።

ቆርጣችሁ አስቀምጡት

ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የሰማሁት ሁሉ ሲጨመቅ አንድ ነገር ነው። አጥር ሁሉ የሚያቆመው አንድ ነገር አለው። ያንን ሳትነኩ ቆሻሻውን ብቻ አንሡ።

— ቆርቆሮን የሚያቆመው ልባጩ ነው። የሽቦ ብሩሽ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ በረኪና፣ አሲድ አይንካው። ለስላሳ ጨርቅና ቀላል ሳሙና ይበቃዋል።

— የድንጋይ ግንብን የሚያቆመው በመካከሉ ያለው ነው። በሚስማር ፈትሹ፤ ጭቃ ከሆነ ጎማና ማሽን ይቅር።

— ብሎኬትን ሳሙናና ውሃ ያጸዳዋል፤ ሻጋታውን የቀጠነ በረኪና። በረኪናን ከምንም ጋር አትቀላቅሉ። ነጭ ጨው በደረቁ ይጠረግ።

— እንጨትን የሚያቆመው ድርቀቱ ነው። አጥባችሁ እርጥብ አታሳድሩት።

— ኖራን የሚያቆመው ትንፋሹ ነው። በደረቁ ጥረጉ፣ በኖራ አድሱ።

— ቅንጭብና ቁልቋል አጠገብ ያለ መነጽር አትቅረቡ።

— ከመጀመራችሁ በፊት መብራት አጥፉ፤ ከመጨረሳችሁ በፊት የውሃ መውጫ ቀዳዳውን ክፈቱ።

የእንቁጣጣሽ እንግዳ አጥራችሁ ላይ አንዲት የጭቃ ነጠብጣብ ቢያይ አይቀየምም። የሚቀጥለው ክረምት መጥቶ አጥሩ ቆሞ ሲያገኘው ግን ልጆቻችሁም የጎረቤት ልጆችም በሥሩ በሰላም ይጫወታሉ። መልካም በዓል፣ ደህና ሰንብቱ!